ዐሥር ጊዜ የወደቀችው ዓይን

ሙያህ ምን ነበር ሲሉኝ «ጥርስ ሠሪ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ነቀምቴ በነበረ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ለዓመታት ጥርስ ሠርቻለሁ፤ እኔ በሠራሁላቸው ጥርስ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ኖረው ያለፉ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ዓይንም እሠራ እንደነበር ግን አላወራም። ባለቤቴ እንኳ የሰማችው ከተጋባን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያውም ግማሹን። ሙሉውን አሁን ልጽፈው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትጠሉኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ራሴን ከጠላሁት ቆይቻለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር፤ እኔም ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ከሸዋ በጸሐፊነት ተቀጥሮ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ነቀምቴ ስለሆነ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ሐኪም ቤቱ መጀመሪያ የቀጠረኝ ለአስተርጓሚነት ነበር፤ ምክንያቱም ፈረንጁ ዶክተር አማርኛውም ኦሮምኛውም ከሰላምታ አያልፍም። እጄ ቀልጣፋ መሆኑን ሲያይ ጥርስ መሥራት አስተማረኝ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ገበያ መሀል ሳልፍ እንደ ጣዎስ እንጎራደድ እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ወደ ዓይን የገባነው ቆይተን ነው። በዚያ አገር በእሾህ፣ በከብት ቀንድ፣ በፈንጣጣ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ብዙ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ሰው ሠራሽ ዓይን ብርጭቆ ነው፤ ከእጅ ካመለጠ አለቀለት። ዶክተሩ ግን የሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ የምንሠራበት ዱቄትና ፈሳሽ ለዓይንም እንደሚሆን አንብቦ ነበር። ዱቄቱና ፈሳሹ ሲዋሃዱ እንደ ሊጥ ይሆናሉ። ሊጡን በጄሶ ቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቀን ስንቀቅለው እንደ ቀንድ ጠንክሮ ይወጣል። የምንሠራው ሙሉ ኳስ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ጎድጎድ ብሎ በሟሟው ዓይን ላይ የሚደፋ ነገር ነው። ጥቁሩን በቀለም እሥላለሁ። ነጩ ላይ ደግሞ ደም ሥር እንዲመስል ከቀይ ሐር ቀጫጭን ክር እየመዘዝኩ አነጥፍና ከላይ ጥርት ባለው ሊጥ በስሱ እሸፍነዋለሁ።

ዶክተሩ ጥንካሬውን ሳይፈትን ለማንም አያደርግም ነበር። ከአንድ ሊጥ አራት ዓይን እንሠራለን፤ አራቱም ቀለማቸው፣ ክራቸው፣ ሁሉ ነገራቸው የተሟላ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስቱን አነሣለሁ። አንዷን ከራሴ ቁመት ሲሚንቶ ወለል ላይ ዐሥር ጊዜ እጥላታለሁ። ሁለተኛዋን በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ አጥብቄ እስክትሰነጠቅ ድረስ ስንት ዙር እንደቻለች እቆጥራለሁ። ሦስተኛዋን ከፈላ ውሃ ወደ ቀዝቃዛ፣ ከቀዝቃዛ ወደ ፈላ አመላልሳታለሁ። ሦስቱ ካላሳፈሩን፣ ያልተነካችው አራተኛዋ ለበሽተኛው ትሆናለች። የተፈተኑትን በሙሉ፣ የተረፈችም ብትኖር፣ በመዶሻ እንሰብራቸዋለን። ዶክተሩ በዚህ ቀልድ አያውቅም። «ከላይ ደህና ብትመስልህም ውስጧ ምን እንደደረሰባት አታውቅም። የተፈተነች ዓይን ሰው ፊት ውስጥ አትገባም» ይለኝ ነበር።

አሁን ሁሉ ነገር ወደተበላሸበት ሐሙስ ልምጣ። ዶክተሩ ወደ ጊምቢ በኩል በሽተኛ ለማየት ከወጣ ቀናት ሆኖታል። ከመሄዱ በፊት ጫልቱ የምትባል ልጅ ልክ ወስደን ነበርና ዓይኗን ሠርቼ፣ ፈትኜ፣ እንዳደርግላት አዞኛል። ጫልቱ አኖ በምትባል የመንገድ ዳር ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ፊደል የምታስተምር የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ግራ ዓይኗን በልጅነቷ ወይፈን ወግቷት ሟሙቶ፣ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ስትዘምር ሁልጊዜ የረድፉ ጫፍ ላይ ትቆማለች፤ ግራዋ ወደ ግድግዳው እንዲሆን። በዚያ ሳምንት እሑድ ግን የየከተማው ምዕመናን ነቀምቴ ይሰበሰባሉ። የመዘምራኑ መሪ ዓይኗ ከደረሰላት መሀል ላይ ቆማ መዝሙር እንድታወጣ ነግሯታል።

አባቷ ኦቦ ጉዲና በቅሎ ነጋዴ ናቸው። ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ የብርጭቆ ዓይን አስመጥተውላት ነበር፤ ስታጥባት ድንጋይ ላይ ወድቃ ሦስት ወር ሳትሞላ ተሰበረች። ስለዚህ እኚህ ሰው ወደ እኔ ሲመጡ የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺኛዋ ትጠነክራለች ወይ?

አባትና ልጅ ሲገቡ የመጣሉ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ስምንተኛው።

«አካም ቡልተኒ፣ ሐኪም» አሉ ኦቦ ጉዲና፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው።

ተቀመጡ ብዬ ቀጠልኩ። ዘጠኝ። ዐሥር። ዓይኗ ነጥራ ኦቦ ጉዲና እግር ሥር አረፈች። አነሷት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት፣ አገላብጠው አዩዋት።

«ምንም አልሆነች» አሉ።

ተቀብያቸው መስበሪያው ብረት ላይ አስቀመጥኩና መዶሻውን አነሣሁ። አንጓዬን ያዙኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልሰብራት ነው፣ ኦቦ ጉዲና።»

«ምን አጠፋች?»

ሥርዓቱን አስረዳኋቸው። ጥጥ ላይ የተቀመጠችውን አራተኛዋን አሳየኋቸው። የጫልቱ ይቺ ናት አልኩ።

«ይቺ ወድቃ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በዚያ መቆንጠጫ ተጨምቃለች? ተቀቅላለች?»

«እህቶቿ ተፈትነውላታል። ከአንድ ሊጥ ናቸው።»

ኦቦ ጉዲና ሳቁ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሲሳሳት አባት እንደሚስቀው ነው። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ እንደማለት። «እኔ ፂም ካበቀልኩ ጀምሮ በቅሎ ነግጃለሁ። በቅሎ የምገዛው ራሴ ጋልቤ፣ ጭኜ፣ ዳገት አውጥቼ ነው። ሻጩ ‹ይቺን የጋለብካትን ተዋት፣ እህቷን ውሰድ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው› ቢለኝ ምን የምለው ይመስልሃል? ጠንካራነቷን በዓይኔ ያየኋትን ልትሰብር፣ ማንም የማያውቃትን ለልጄ ልትሰጥ?»

መልስ ነበረኝ። በቅሎ መንገድ በሄደች ቁጥር ትጠነክራለች፤ ይህ ነገር ግን በወደቀ ቁጥር ይደክማል፣ ብቻ ድካሙን አይናገርም። ይህንን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ልንገራችሁ። ከአራቱ ሁሉ አሳምሬ የሣልኳት ያቺን የወደቀችውን ነበር። ጥቁሯ ከጫልቱ ቀኝ ዓይን ጋር አንድ ነው፤ ጠርዟ ላይ ያለችው ትንሽ የማር ቀለም ሳትቀር አግኝቻታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳነሣ እጄ ላይ የወጣችው እሷ ነበረች። በሙሉ ዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠውን በመዶሻ ልፈጭ ነበርና፣ እኚህ ሰው አንጓዬን ሲይዙኝ ደስ ብሎኛል።

«እስቲ ሁለቱንም ትሞክራቸው» አልኩ።

ጫልቱ መጀመሪያ ያልተነካችውን አደረገች። ደህና ነበረች። ቀጥላ ያቺን የወደቀችውን አደረገች፤ መስተዋቱን ይዛ ፊቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረች አየች።

«ይቺ የኔ ናት» አለች በአማርኛ።

ሦስት ሰው አንድ ስህተት ከፈለገ ማን ያስቆመዋል? መልሼ አወጣኋትና ወደ መስኮቱ ወሰድኳት፤ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ከጠርዟ ወደ ውስጥ የገባች፣ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ከዚያ ለራሴ ‹ክሬ ናት› አልኩ። ደም ሥር እንዲመስል ያነጠፍኳት ሐር ናት። ብርሃን ላይ ሳዞራት ብልጭ አለች። ሐርም ያብለጨልጫል አልኩ። አጉሊ መነጽሩን አስቀመጥኩና ዓይኗን አጥቤ ለጫልቱ መለስኩላት። ያልተነካችውን ትርፍ ትሁንሽ ብዬ እንኳ አልሰጠኋትም፤ ከመሳቢያ ከተትኳት። ኦቦ ጉዲና ሁለት እጄን ይዘው «ገለቶሚ፣ ሐኪም» እያሉ አመሰገኑኝ፣ መረቁኝ።

እሑድ ዕለት እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ከስብሰባቸው አዳራሽ ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። ጫልቱ መሀል ላይ ነበረች። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሙሉ ሰጥታ ዘመረች። አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት «ይቺ የጉዲና ልጅ አይደለችም እንዴ? ዓይኗ ዳነ ማለት ነው?» ብላ ሌላዋን ጠየቀቻት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስታውሰው ራሴን እረግማለሁ።

ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አኖ ተሳፈሩ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሌላ መኪና ለምነው ተመለሱ። አባትየው ልጃቸውን አቅፈው፣ እሷ ሻሽ በግራ ፊቷ ላይ ይዛ ገቡ። ሻሹ ደም ነበረው።

«ምን ሆነች?»

«መስኮቱን ተደግፋ ነበር» አሉ ኦቦ ጉዲና። «አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲገባ ጉንጯ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ይኸው ነው። ውስጥ ውስጡን ቀጭ ሲል ሰማሁት አለችኝ።»

ሲስተሯ፣ ፈረንጇ ነርስ፣ አስተኛቻት። የዓይኗን ቆብ ስትከፍት እኔ በወረንጦ ስብርባሪውን አወጣሁ። ሦስት ቁራጭ። በነጭ ሳህን ላይ ገጣጠምኳቸው። መሰበሪያው ያ መስመር የነበረበት ቦታ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙም መሀል ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ክፍት ቦታ ቀረች።

«አንድ ጎድሏል» አልኩ።

ሲስተሯ አጠበች፣ ፈለገች፣ እንደገና አጠበች። ጫልቱ የትራሷን ጫፍ ነክሳ ይዛለች። በመጨረሻ የጎደለችው ተገኘች፤ በሟሟው ዓይን ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክታ። ሲስተሯ ነቅላ ሳህኑ ላይ ስታስቀምጣት ክፍቷ ቦታ ላይ ልክ ገባች።

ወደ ጊምቢ በሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር እጅ ደብዳቤ ላክን። ዶክተሩ ረቡዕ ገባ። መጀመሪያ ልጅቷን አየ፣ ከዚያ ሳህኑን ይዞ ወደ እኔ ክፍል መጣ።

«የትኛዋ ነበረች?»

«የወደቀችዋ» አልኩ። ኦቦ ጉዲና ስለሚያውቁ ልደብቅ አልችልም።

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አልጮኸም። «ስታደርግላት ስንጥቅ አላየህባትም?»

«አላየሁም።»

ከዚያ ኦቦ ጉዲናን አስጠራ። ጫልቱ በሴቶች ክፍል ተኝታ ነበር። እኔ በመካከላቸው ቆምኩ፤ ሥራዬ ነውና።

ዶክተሩ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እንድነግርለት እየተጠነቀቀ ተናገረ። «እንዲህ በላቸው። ዓይኗ የተሰበረችው እኛ የራሳችንን ሥርዓት ስለጣስን ነው። የተፈተነች ዓይን ማድረግ አልነበረብንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። አሁን ግን ከሥር ያለው የሞተ ዓይን ተወግቷል። የተወጋ ዓይን ካልወጣ ጤነኛውን ይዞት ሊሄድ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መውጣት አለበት።»

እኔ ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። የመለስኩት ይህንን ነበር። «ኦቦ ጉዲና፣ ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ይደርሳል ይላል። አሁን ግን የሞተው ዓይን በቢላ ይውጣ፣ አለዚያ ጤነኛውም ሊታመም ይችላል ይላል።»

ምክንያቱንም ይቅርታውንም ዋጥኳቸው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

«አንዳንዴ ይደርሳል?» አሉ ኦቦ ጉዲና። «ዐሥር ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ያልተሰበረች፣ ጉንጭ ሲነካ ለምን ተሰበረች? ምክንያቱን ንገረኝ።»

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ።

«ፈርተዋል» አልኩት።

ኦቦ ጉዲና ከእኔ ወደ ዶክተሩ፣ ከዶክተሩ ወደ እኔ ተመለከቱ። «የሠራችሁትን ለምን እንደተሰበረ አታውቁም። አሁን ደግሞ ቢላ ይዘን እንግባ ትላላችሁ። ቢላውስ ላይ አንዳንዴ የሚደርስ ነገር ቢደርስበት? አይሆንም። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ልጄ ላይ ቢላ አያነሣም።»

ይህንን በትክክል ተረጎምኩ። ዶክተሩ ለመነ፣ እኔም ልመናውን አደረስኩ። ግን ሰውየው የጠየቁት ልመና አልነበረም። በማግሥቱ ልጃቸውን ይዘው አኖ ገቡ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ዶክተሩ ሂድና እንደገና ለምናቸው አለኝ። አውቶቡሱ ላይ ሆኜ የምለውን አጠናሁ። ‹ኦቦ ጉዲና፣ ምክንያቱን እናውቃለን። ዓይኗ ስትወድቅ ተሰንጥቃ ነበር። ስንጥቁን አይቻለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ። ዶክተሩ ትክክል ነው፣ ቢላውም ትክክል ነው።› ይህችን ነበር የምለው። ደጋግሜ አልኳት፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የምጸልይ መስሎት ነበር።

ቤታቸው ስደርስ ጫልቱ ግራ ዓይኗን በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ደጅ ላይ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ቀኝ ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር።

ኦቦ ጉዲና እርጎ አስቀዱልኝ። ቁጡ ይሆናሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆኑም።

«ባንተ ላይ ቂም የለኝም፣ ሐኪም» አሉ ገና አፌን ሳልከፍት። «አንተ ልትሰብራት ነበር። ያስገደድኩህ እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የሞትኩት። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ‹ውጣና ሂድ፣ ዕዳህን እኔ ልሸከመው› ሲላችሁ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አታውቁትም። ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ማሎ፣ ኦቦ ጉዲና፣ እባክዎን፣ ዶክተሩ ያለውን እሺ ይበሉ» አልኩ።

«ምክንያቱን አወቃችሁት?»

ጫልቱ ከደጅ ታዳምጠናለች። የእርሳሷ ድምፅ ቆሟል።

«አላወቅንም» አልኩ።

«እንግዲያው ለእግዚአብሔር እንተወው። ልጄ አሁን ደህና ናት፤ ቁስሏም እየደረቀ ነው። ደግሞ ልናስቆስላት?»

እርጎዬን ጠጥቼ ተሰናበትኩ። ለዶክተሩ እምቢ አሉ አልኩት፤ እውነት ነው፣ እምቢ ብለዋል። በየቀኑ በአውቶቡስ የሚመጣውን ሰው እያየሁ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሦስት አለፈ። ምንም ስላልተሰማ ዶክተሩ የተጋነነ ፍርሃት ነው የያዘው ብዬ ራሴን ማጽናናት ጀምሬ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት መጡ። ጫልቱ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ አውርዳ ነበር፤ ብርሃን አላስቆም አላት። ቀኝ ዓይኗ ቀልቷል። ፊደሎቹ ጉም የለበሱ መሰሏት፣ ቀጥሎ የልጆቹ ፊት፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ራሱ። ኦቦ ጉዲና ምክንያት አልጠየቁም። «የፈለጋችሁትን አድርጉ» አሉ። ዶክተሩ የሞተውን ዓይን አወጣ፣ የነበረውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠ፣ ከአዲስ አበባም ያልነበረውን አስመጣ። ክረምቱ ሲገባ ጫልቱ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ታውቅ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እሱንም አታውቅም።

ከሐኪም ቤት ከመውጣቷ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። «ኦቦ ታደሰ ነህ?» አለችኝ፤ በኮቴዬ ለይታኝ። ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መዶሻውን፣ መስኮቱን፣ መስመሯን፣ የዋጥኩትን የዶክተሩን ቃል፣ ቅዳሜውን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ያነጠፍከው ክር ቀለሙ ምን ነበር?»

«ቀይ።»

«መስመሯስ?»

ጠበቀች። አስተማሪ ናት፤ መልስ መጠበቅ ትችልበታለች።

«ነጭ» አልኩ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር። ቀይ ክር ነጭ ሆኖ እንደማያብለጨልጭ እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው? አይቼዋለሁ። እያየሁ ነው ያደረግኩላት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እንደዞረች «ለአባቴ ንገረው» አለችኝ። «እኔ ነኝ ልጄን ያጠፋኋት እያለ እህል ትቷል። እኔ ብነግረው ለማጽናናት ያልኩት ይመስለዋል። አንተ ንገረው።»

እሺ አልኳት። ያን ጊዜም አልሄድኩም። አንድ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይን አልሠራሁም። ለዶክተሩ ያየሁትን ነግሬው ነበር፤ ጥርሱን ቀጥል፣ ዓይኑን ተው አለኝ። ማስተርጎሙን ግን ለሌላ እንዲሰጥብኝ አልፈለግሁም፤ እኔው ያዝኩት። ሰው የተናገረውን ከፍቶም ሆነ ለስልሶ፣ ስድብም ቢሆን፣ አንዲት ቃል ሳልጥል አደረስኩ። በዚህ የተነሣ የተጣላኝ ብዙ ነው። አንዳንዱ ‹ይህ ሰው ርኅራኄ የለውም› ይለኝ ነበር። ይበለኝ። የእኔ ርኅራኄ አንዴ የት እንዳደረሰን አይቻለሁ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ታሪኩ ጠቀመህ ወይ ብትሉኝ፣ አልጠቀመኝም። ሰው ከስህተቱ ይማራል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ የተማርኩበት ዓይን የእኔ አልነበረም። የምትሠሩት ነገር ከሰው አካል የሚገባ ከሆነ፣ ወይም ሰው የሚያድርበት ጣሪያ፣ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ ከሆነ፣ አንዲት መስመር ያያችሁ ዕለት ስም አታውጡላት። ያየሁት ስንጥቅ ነው በሉና ቀጥሎ የሚመጣውን ቅበሉ። ይህንን ስል ምክር መስጠቴ እንዳይመስላችሁ። ምክር የመስጠት መብት የለኝም፤ የምነግራችሁ የሆነውን ነው።

ከዓመት በኋላ የሄድኩበትን ነግሬያችሁ ላብቃ። ኦቦ ጉዲና በቅሎ ንግዱን ትተው ነበር። አኖ፣ ከአዲስ አበባው መንገድ ዳር፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ቤቱ ውስጥ ጫልቱ ለልጆች መዝሙር ታስጠናለች፤ ድምፃቸው ይሰማል። ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ነጯን መስመር ሳልዘል።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ያን ቅዳሜ እዚህ ስትመጣ ይህንን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምክንያቱን ብትነግረኝ፣ ያንኑ ዕለት በቅሎ ላይ አድርጌ አደርሳት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ያደርገኛል ብለህ ነው ዝም ያልከው? ይገድለኛል ብለህ ነው?»

«አይደለም።»

«ያሳስረኛል ብለህ?»

«አይደለም፣ ኦቦ ጉዲና።»

«ታዲያ ምን ፈርተህ?»

መልስ ፈለግሁ። ዓመቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረ መልስ ነው። የፈራሁትን ነገር ስም ልሰጠው ሞከርኩ፤ ለእሳቸው ሊነገር የሚችል፣ የልጃቸውን ዓይን የሚያህል አንድም ነገር አላገኘሁም።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አያደርጉኝም ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ ከውስጥ መዝሙሩን ጨርሰው እንደገና ጀመሩት።

«እንግዲያው ልጄ የታወረችው በከንቱ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።